እንግሊዝኛ በአማርኛ ዋጋ አይገዛም

በናይሮቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ሥር እየሰደደ የመጣ አንድ ልማድ አለ። ልጅ ትምህርት ቤት በገባ ማግስት አማርኛ ከቤት ይባረራል። እናት ወጥ እያማሰለች፣ አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ ራሳቸው በወጉ ባልተማሩት እንግሊዝኛ ልጁን ያዝዙታል፣ ይቆጡታል፣ ያባብሉታል። ልጁ ተሳስቶ በአማርኛ ቢመልስ «በእንግሊዝኛ ተናገር» ይባላል። እንግዳ መጥቶ በአማርኛ ስሙን ሲጠይቀው «አማርኛ እኮ አይችልም» የሚለው የወላጅ መልስ የምሥራች ቃና አለው። ልጁ በእንግሊዝኛ እንዲበረታ ሲባል ቤቱ አማርኛን መሥዋዕት አድርጓልና።

መሥዋዕቱ ግን የተከፈለለትን አያስገኝም።

የወላጆች ጭንቀት ከንቱ ነው ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን ከኪስዋሂሊ ጋር የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። የሒሳቡም የሳይንሱም ፈተና በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ወደ ሦስተኛ ሀገር ለመሻገር ተራ የሚጠብቀው ስደተኛም፣ በኢስሊ ነግዶ የሚያድረውም፣ በዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥሮ በኪሊማኒ የሚኖረውም ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ የሚመኘው ለጌጥ ሳይሆን ለእንጀራ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ እንደሚያስፈልግ የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ ያለው ቋንቋው በሚገኝበት መንገድ ላይ ነው። አማርኛን ከቤት ማስወጣት የልጅን የእንግሊዝኛ ውጤት አያሻሽልም። የሚያሻሽለው ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብን መልመዱ፣ መጽሐፍ በእጁ መኖሩ፣ ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅ መምህር ማግኘቱና በየቀኑ መጻፉ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ኬንያና ኢትዮጵያ ይበቃሉ።

የሜዳ እንግሊዝኛና የመጽሐፍ እንግሊዝኛ

ወላጅን አስቀድሞ የሚያታልለው የልጁ አፍ መፍታት ነው። ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ እያራገጠ ግማሹን በኪስዋሂሊ፣ ግማሹን በሼንግ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ ያወራል። ወላጅም «ለመደ» ብሎ ያርፋል። በካናዳ የስደተኞችን ልጆች ትምህርት ያጠኑት ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዳስረዱት ግን የቋንቋ ችሎታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጨዋታና የገበያ ንግግር ነው፤ ልጅ ይህን በሁለት ዓመት ገደማ ይይዘዋል። ሁለተኛው የመጽሐፍና የፈተና ቋንቋ ነው። «ምክንያቱን አብራራ»፣ «አወዳድር»፣ «ከአንቀጹ ምን ትረዳለህ» የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስፈልገው ይኸኛው ሲሆን፣ በዚህ ረገድ እኩዮችን ለመድረስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው የተደሰተ ወላጅ ሁለተኛው አለመኖሩን የሚረዳው ልጁ ከፍ ያለ ክፍል ደርሶ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ነው።

ይህ ሁለተኛው ችሎታ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገር ሀብት ነው። ታሪክን ከመነሻ እስከ መድረሻ አያይዞ መተረክ፣ ምክንያትን ከውጤት መለየት፣ ከተጻፈው ያልተጻፈውን መረዳት አንድ ጊዜ ከተለመደ በሌላ ቋንቋ እንደገና ከ«ሀ» መጀመር አይኖርበትም። እናቱ የድስቱን ክዳን ገልጣ ውሃ እንዴት እንደሚተንና እንደገና ጠብታ እንደሚሆን በአማርኛ ያስረዳችው ልጅ፣ በሳይንስ ክፍል ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲሰማ የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው። ነገሩንም ስሙንም የማያውቀው ግን ቃሉን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳዋል።

እንግዲህ አማርኛ ከቤት ሲወጣ አብሮት የሚወጣው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚናገር ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው «ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል» ከሚሉ ትእዛዞች ብዙም አይዘልም። ያው ወላጅ በአማርኛ ሲናገር ግን ተረት አለው፣ ምሳሌያዊ አነጋገር አለው፣ የአያት ታሪክ፣ ቀልድ፣ ሙግትና ማብራሪያ አለው። ቤቱ ሀብታሙን ቋንቋ ሰጥቶ ድሃውን ተቀበለ ማለት ነው። ልጁም በአማርኛ የማይተርክ፣ በእንግሊዝኛም የማይጽፍ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ይቀራል።

ኬንያ የምትመሰክረው

«ኬንያውያን እንግሊዝኛ የሚችሉት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በእርሱ ስለሚማሩ ነው» የሚለው አባባል በኢትዮጵያውያን ጨዋታ ውስጥ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። የሀገሪቱ ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ነጻነት በተገኘ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የኦሚንዴ ኮሚሽን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን መከረ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በጋቻቲ የተመራው ኮሚቴ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የየአካባቢው ቋንቋ እንዲያገለግል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ይህን ቢልም ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም የግሎቹ፣ መመሪያውን እያለፉ በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ። በናይሮቢ ውድ ትምህርት ቤቶች የሚታየው ጥሩ ውጤት ከጥቂት ተማሪ፣ ከተሟላ ቤተ መጻሕፍትና ከተማረ ወላጅ ጋር አብሮ የመጣ ነው። እነዚህ በሌሉበት፣ ቀድሞ መጀመር ብቻውን ምን እንደሚያተርፍ ለማየት ከዋና ከተማዋ ወጣ ማለት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያና በቴሶ ወረዳዎች፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አካሂደው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ምሁራን አንዱ ናቸው። በዕጣ ለተመረጡ የገጠር ትምህርት ቤቶች መንግሥት ያጸደቃቸው መማሪያ መጻሕፍት ታደሉ። የብዙዎች ግምት የሁሉም ተማሪ ውጤት ከፍ ይላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት የዘገበው ግን ሌላ ነው፤ አማካዩ ውጤት ከፍ አላለም። የተጠቀሙት አስቀድመው ጎበዝ የነበሩት ብቻ ነበሩ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ከአፍ መፍቻቸውና ከኪስዋሂሊ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር። መጽሐፉ በጃቸው ገባ፤ ማንበብ ግን አልቻሉም።

ከዚህ ትምህርት የወሰደ ሥራም እዚያው ኬንያ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው «ቱሶሜ» የተባለ የንባብ መርሐ ግብር፣ ትርጉሙም በኪስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው፣ ከ20,000 በላይ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ደርሷል። አሠራሩ ቀላል ነበር። በልጆቹ ደረጃ የተዘጋጀ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተሰጠ። ለመምህሩ የዕለት ከዕለት የማስተማሪያ መምሪያ ተዘጋጀለት። የትምህርት ባለሙያዎች እየዞሩ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ልጆቹ ሲያነቡ ሰሙ፣ መምህሩንም መከሩ። የልጆቹ ንባብ መሻሻሉን ምዘናዎች አሳይተዋል። አማርኛን ከቤቱ ለሚያስወጣ ወላጅ ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ መርሐ ግብሩ እንግሊዝኛን ያስተማረው ኪስዋሂሊን ገፍቶ አልነበረም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳቸው። ልጅ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብን ሲለምድ በሚማረውም ቋንቋ እንደሚቀናው ታውቆ የተደረገ ነው።

ኢትዮጵያ የምትመሰክረው

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ኢትዮጵያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እያስተማረች አይደለም ወይ? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ምን ሆነ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ከተቀመጡት 900,000 ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከተዛወረ ወዲህ የተሸፈነው ተገለጠ። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነውና ከውድቀቱ የእንግሊዝኛ ድክመት ድርሻ እንደሚኖረው አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ላይ የሚጭን ሰው ሦስት ነገሮችን ይዘላል። አንደኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ማለት ማንበብን በሚገባ ማስተማር ማለት ከሆነ፣ ብዙዎቹ ልጆች ይህን አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በራሳቸው ቋንቋ ከተጻፈ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ ሥነ ሕይወት እንዲያነብ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ሲያዝዝ፣ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ቋንቋውን ከየት እንዳገኘው በቅጡ አልተጠየቀም። በእንግሊዝኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር አያይዞ ለመናገር የሚቸገር መምህር፣ በስልሳና በሰባ ልጅ ፊት ቆሞ ከሰሌዳ ላይ ቃል ያስገለብጣል። ስለዚህ ልጁ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ተማረ ተብሎ የሚቆጠረው ገለበጠ ማለት ነው። ከዚያ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአንድ ክረምት ልዩነት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። መሸጋገሪያ ድልድይ የለም፤ ገደል አለ።

ሦስተኛ፣ ገደሉን በመሣሪያ ለመሙላት ተሞክሮ አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው፣ ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ነበር። በማያውቀው የአነጋገር ቃና፣ በማይደርስበት ፍጥነት እየተናገረ ያልፍ ነበር። ተማሪው እጁን አውጥቶ ቢጠይቅ መስተዋቱ አይሰማም። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ጥግ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ቋንቋ በመሰማት ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ያ ትውልድ በእንግሊዝኛ በተራቀቀ ነበር።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናው ጥናት፣ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ የሠሩት፣ የየክልሉን የስምንተኛ ክፍል ውጤት አወዳድሯል። በአጠቃላይ ውጤት የተሻሉት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ሆነው ተገኙ። እንግሊዝኛን ቀድሞ የትምህርት ቋንቋ ማድረግ የታሰበለትን ጥቅም አላመጣም። ይህን እያወቁ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ «ቶሎ ይጀመር፣ ሌላው ይቅር» ማለት ማስረጃን ረግጦ ፋሽንን መከተል ነው።

ሁለቱን የያዙ ሰዎች

ከምዕራብ የመጣ ጥናት የማያሳምነው ሰው ቢኖር የምሥራቅ አፍሪካን ደራስያን ይመልከት። ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለዳቸውን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጽፈው በሃይኔማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት አወጡ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ጉራጊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሁለት ቋንቋ ተውኔት ደርሰዋል። ለእነዚህ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለእንግሊዝኛቸው መሠረት ሆነለት እንጂ አልጎተተውም።

በዚያው የሃይኔማን ተከታታይ ኅትመት ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም ተመሳሳይ ምስክር ነው። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው የድርሰት መድበል ስለ ልጅነቱ ትምህርት ጽፏል። በትምህርት ቤት ቅጥር ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፍ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ በአንገቱ ይንጠለጠልለት እንደነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላውን ነው። ንጉጊ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የተማረው በጊኩዩ ሲሆን በጽሑፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨበጨበለትም በጊኩዩ በጻፈው ድርሰት ነበር። ኋላ ዓለም ያነበበው እንግሊዝኛው የበቀለው በዚያ አፈር ላይ ነው። ዛሬ በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ማንም ሳያስገድደው ያንን ሰሌዳ በገዛ ልጁ አንገት ላይ ሲያንጠለጥል ማየት የሚያሳዝን ነው።

ምን ይደረግ?

ነቀፌታ ብቻውን ልጅ አያስተምርም። በመጀመሪያ የሥራ ክፍፍል ያስፈልጋል። ቤት የአማርኛ ይሁን፤ ነገር ግን የትእዛዝ አማርኛ ሳይሆን የተረትና የማብራሪያ አማርኛ ይሁን። ልጁ በትምህርት ቤት የተማረውን ማታ በአማርኛ እንዲያስረዳ ይጠየቅ። በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው ትምህርቱ አልገባውም ማለት ነውና ወላጅ ከሪፖርት ካርዱ አስቀድሞ ያውቃል። ለእንግሊዝኛው ደግሞ ከወላጅ የሚፈለገው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት በካሎሌኒና በማካዳራ ቅርንጫፎች አሉት። ለአንድ የልደት በዓል ኬክ የሚወጣው ገንዘብ ከመንገድ ዳር ያገለገሉ የልጆች መጻሕፍት ለሚሸጡ ነጋዴዎች ቢሰጥ ለወራት የሚበቃ ንባብ ይገዛል። በቀን ሃያ ደቂቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና ያነበቡትን በአምስት መስመር መጻፍ ከስንት የቴሌቪዥን ሰዓት ይበልጣል።

ሁለተኛው ኃላፊነት በቅዳሜና በእሑድ አማርኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ነው። ልጆችን ለበዓል መዝሙር ማስጠናት መልካም ቢሆንም አይበቃም፤ ፊደል ቆጥረው ወደ ንባብ፣ ከንባብም ወደ ድርሰት ሊያልፉ ይገባል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ምልክት ድምፅን እንደሚወክል ዐውቋል። «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ ላልቶ ወይም ጠብቆ ያነበበ ልጅ፣ የእንግሊዝኛን አስቸጋሪ አጻጻፍ ከዐውዱ ለመፍታት ተለማምዷል። ልዩነቶቹም በግልጽ ይነገሩት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። አማርኛ ተናጋሪ «ስትሪት» ማለት ሲከብደው «እስትሪት» ይላል፤ «ዚስ» የሚለውም ምላሱን በጥርሶቹ መካከል ማድረግ ስላልተማረ ነው። ሁለቱን ቋንቋ አስተያይቶ የሚያሳይ መምህር እነዚህን ስሕተቶች በሳምንታት ያርማቸዋል፤ አማርኛን የማያውቅ መምህር ግን ከየት እንደመጡ እንኳ አይረዳም።

ሦስተኛው ጉዳይ አድገው ከኢትዮጵያ የሚመጡ ልጆች ናቸው። በሀገሩ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እንግሊዝኛ ስላልያዘ ብቻ ብዙ ጊዜ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ደደብ ተብሎ አፍሮ ይቆማል፤ ትምህርቱን ጥሎ ሱቅ ጠባቂ የሚሆነውም ጥቂት አይደለም። ይህ ልጅ የሚያሻው የጥቂት ወራት መሸጋገሪያ ትምህርት ነው፤ የሚያውቀውን ሒሳብና ሳይንስ በአማርኛ እያስታወሱ የእንግሊዝኛ ስሙን የሚጨምሩለት ሰዎች። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በናይሮቢ ሞልተዋል። ማኅበራት ለበዓል ዝግጅት አዳራሽ ለመከራየት የሚያዋጡትን ያህል ለዚህ ቢያዋጡ ከአንድ ክረምት ያላነሰ ትምህርት ይከፈታል።

ኢትዮጵያን በሚመለከትም መልሱ ያው ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እያንዳንዱ ልጅ በሚሰማው ቋንቋ ማንበቡ ሳይረጋገጥ አይለፍ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ሳይሠለጥን አይመደብ፤ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ከመዞሩ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት መሸጋገሪያ ይሁኑ። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ለሪባን መቁረጫም አይመችም። ሆኖም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ የፈሰሰውን የሚለቅሙት ዛሬ በየፈተናው የሚወድቁት ልጆች ናቸው።

አማርኛ እኮ አይችልም ተብሎ የሚኮራበት ልጅ ከአያቱ ጋር በስልክ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ የእንግሊዝኛ ድርሰቱም በቀይ ቀለም ተሞልቶ ይመለሳል። አማርኛን በደንብ ይዞ፣ መጽሐፍ ተገዝቶለት፣ ተነቦለትና ጽፎ ያደገው ልጅ ግን ሁለቱንም አያጣም። ምርጫው በእያንዳንዱ ወላጅ እጅ ነው፤ ዛሬ ማታ፣ በእራት ሰዓት ሊጀመር ይችላል።